የገና ስጦታችን ላይ ግጥም ይታሰር

በስዊድን የገና ገበያ ከመድራቱ በፊት በየዓመቱ የሚጠበቅ አንድ ዜና አለ። ኤች ዩ አይ የተባለው የችርቻሮ ንግድ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ‹‹የዓመቱ የገና ስጦታ›› ብሎ አንድ ነገር ይሰይማል። የመጀመሪያው የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ነበር። በ1994 ሞባይል ስልክ፣ በ2004 ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን፣ በ2010 ታብሌት ተራቸውን ይዘው ተመርጠዋል። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው የአንድ ሀብታም አገር ሳሎን በዕቃ እንዴት እየተጨናነቀ እንደሄደ ያያል። በ2018 ግን ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ ልብስ ተመረጠ። በ2019 ስልክን አስገብተው የሚዘጉበት ሣጥን መጣ፤ ቤተሰብ ለጥቂት ሰዓታት እንኳ ዓይን ለዓይን እንዲተያይ። በ2022 ደግሞ ቤት ውስጥ በእጅ የተሠራ ሹራብ።

ምርጫውን የሚያካሂደው ገዳም ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልገረመ። ይህ ግን ሥራው የንግድን ትርታ መለካት የሆነ ተቋም ነው። ተቋሙ ሲመርጥ የሽያጩን መጠን ብቻ ሳይሆን ስጦታው የዘመኑን መንፈስ መግለጡንም ያያል። የዘመኑ መንፈስ አክስት በክረምት ምሽቶች የሠራችው ሹራብ ነው ብሎ ከወሰነ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ስቶክሆልም ያለን ኢትዮጵያውያን ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል።

ያገለገለ ነገር ስጦታ ማድረግ ለሶደርማልም ነዋሪ አዲስ ነገር አልነበረም። ሶደርማልም ከስቶክሆልም አሮጌው ከተማ በስተደቡብ ያለች ደሴት ናት፤ የከተማው ሰው በአጭሩ ሶደር ይላታል። ከስሉሰን ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣው ዮትጋታን የተባለው መንገድ ዳር ኤማውስ የተባለው ድርጅት ያገለገሉ ልብሶችና ዕቃዎች ይሸጣል። ወደ ላይ ዘለቅ ሲሉ ደግሞ የድኅነት ሠራዊት የተባለው የክርስቲያን ድርጅት የሚያስተዳድረው ሚሮርና አለ፤ ሥራውን የጀመረው በ1896 ነው። በእነዚህ መደብሮች የሚገኘው ገቢ ለበጎ ሥራ ይውላል። ታኅሣሥ ሲመጣ መደርደሪያቸው መሐል ቀስ ብለው የሚዞሩት ሰዎች ሁሉ ኪሳቸው የሳሳ አይደሉም። ለወንድም አንድ የቆየ ሸክላ፣ ለእናት የልጅነቷን ጓዳ የሚያስታውሳት ሲኒ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው።

ሶደር ድህነትን ታውቀዋለች። የሰፈሩ ልጅ የሆነው ደራሲ ፔር አንደሽ ፎጌልስትረም በ1960 ባሳተመው ታዋቂ ልብ ወለዱ በ19ኛው መቶ ዘመን እዚህ ይኖሩ የነበሩትን ሠራተኞች፣ ልብስ አጣቢዎችና የወደብ ተሸካሚዎች ሕይወት ጽፏል። ቪታ ቤርየን በተባለው ኮረብታ ላይ የዚያ ዘመን ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። አሁን ግን ሶደር ቤት ለመግዛት አቅም የሚፈትን ሰፈር ሆናለች። አዲስ መግዛት የሚችል ሰው አሮጌ ነገር ፈልጎ ሲሰጥ፣ ተቀባዩ የሚደርሰው ዕቃው ብቻ አይደለም። ሰጪው ስለ እሱ እያሰበ በየመደርደሪያው ያሳለፈው ጊዜም አብሮ ይደርሰዋል።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ለመለካት ሞክረዋል። አሜሪካዊው ጆኤል ዋልድፎጌል በ1993 ባሳተመው ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የተቀበሉት የገና ስጦታ ለእነሱ ስንት ያወጣ እንደሆነ ጠየቃቸው። ተማሪዎቹ የገመቱት ሰጪው ከከፈለው ከአሥር በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ ያነሰ ሆነ። ዋልድፎጌል ይህን ልዩነት እንደ ብክነት ቆጠረው፤ ጥናቱም በየዓመቱ ገና ሲቃረብ በጋዜጦች ይነሣል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎቹ የተጠየቁት የስጦታውን የስሜት ዋጋ ትተው እንዲገምቱ ነበር። ስሜቱን አውጥቶ የቀረውን መመዘን የዕቃን ዋጋ ያሳይ እንደሆነ እንጂ የስጦታን ዋጋ አያሳይም። በ1996 የዋልድፎጌል ጥናት በወጣበት መጽሔት ላይ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት መልስ ደግሞ ሰዎች የተሰጣቸውን ነገር ከመግዣ ዋጋው አስበልጠው እንደሚያዩት አመለከተ።

ስዊድናውያን ይህን ክርክር በየዓመቱ በቴሌቪዥን ያዩታል ማለት ይቻላል። ታገ ዳኒኤልሶን በ1964 ለሬዲዮ የጻፈው፣ ፔር ኦሊን በ1975 በሥዕል ፊልም የሠራው የካርል-ቤርቲል ዮንሶን ታሪክ የገና ዋዜማ ልማድ ሆኗል። ካርል-ቤርቲል ፖስታ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። የሀብታሞቹን ጥቅል ስጦታዎች ለይቶ ለድሆች ያድላል። የመደብር ባለቤት የሆነው አባቱ በቁጣ ይዞት ይቅርታ ሊያስጠይቀው ሲዞር፣ ስጦታ የቀረባቸው ባለጠጎች ልጁን አቅፈው ያመሰግኑታል። ሁሉ ነገር ሞልቶት ለተረፈው ሰው አንድ ተጨማሪ ጥቅል ምንም አልነበረም፤ ያ ጥቅል ትርጉም ያገኘው በሌላው እጅ ነው።

ወደ ኢትዮጵያውያን ሊሻገር የሚገባው የስዊድኖች ልማድ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ፣ ሳንቲም የማያስወጣ ነው። የገና ጥቅል ላይ አጭር ግጥም ይታሰራል። ግጥሙ ውስጥ ያለውን ዕቃ በስም አይጠራውም፤ ዙሪያውን እየዞረ ይጠቁማል፤ ተቀባዩ ጥቅሉን ከመፍታቱ በፊት ጮክ ብሎ ያነብና ይገምታል። ልማዱ ሥር ያለው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ሰጪው በር አንኳኩቶ፣ ጥቅሉን ከስንኙ ጋር ወደ ቤት ወርውሮ፣ ማንነቱ ሳይታወቅ ይሮጥ ነበር። ስንኙ ተቀባዩን የሚነካካ፣ የሚያሾፍበትም ይሆናል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሰምና ወርቅ ተለይቶ እየተፈታ ያደገ ሕዝብ ስለ ተሰወረ ትርጉም ከማንም ትምህርት አይሻም። የሚያስቆጨው፣ ሀብቱ እያለን ስጦታችን ላይ አለማሰራችን ነው።

በስቶክሆልም የሚኖር የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ገና የሚውለው የስዊድኖቹ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የመደብሮቹ ማስታወቂያ ያን ጊዜ ስለ ቅናሽ ሆኗል። ታኅሣሥ 29 እዚያ የሥራ ቀን ስለሆነ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ ዶሮ ወጥ የሚሠራ አለ። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ከአገር ቤት ዝርዝር ይመጣል፤ የስልክ ዓይነት፣ የጫማ ቁጥር፣ የሽቶ ስም። ዝርዝሩ በክፋት አልተጻፈም። ግን ዝርዝሩ በመጣበት ቅጽበት ስጦታው ትእዛዝ ይሆናል። ሰጪው የሚጨነቀው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሞዴሉ ነው። ተቀባዩም ሲፈታው መጀመሪያ የሚያየው ያዘዘው መሆኑን ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ወደ ስቶክሆልም የሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ እናት የላከችው በርበሬ ይኖራል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ መንገደኛ ከኅብረቱ ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ቋንጣውና ንጥር ቅቤው እዚያው ይቀራሉ። በርበሬው ግን ይደርሳል። ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ከነቅመሙ ተደልዞ፣ ወፍጮ ቤት ተወስዶ የመጣ ነው። የላከችው ሴት ምን ያህል ቀን እንደ ደከመች የሚያውቅ ልጅ ማንኪያ እየለካ ነው የሚጨምረው። ሶደር ውስጥ በርበሬ በክሮነር ሊገዛ ይችላል። ያኛው ግን ዋጋው የሚሰላው በሌላ ነው።

አገር ቤትም ቢሆን የቆዩት የበዓል ስጦታዎቻችን ይህንኑ ይናገራሉ። ለቡሄ ሙልሙል ይጋገራል፤ ሆያ ሆዬ እያሉ ለመጡ ልጆችም ይሰጣል። በቅዳሜ ስዑር ካህናት ቀጤማ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ምእመኑም ተቀብሎ ራሱ ላይ ያስራል። በገንዘብ ቢተመን ከንቱ የሆነ ሣር ነው፤ የተቀበለው ግን የኖኅን ርግብ ዜና ይዞ እንደ ገባ ይቆጥረዋል። ለእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባና መልአክ ስለው ለጎረቤት ያድላሉ። ከእነዚህ አንዱን ግን እያጣን ነው። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የልጁ ሥዕል በማተሚያ ቤት በተባዛ ካርድ ተተክቷል። ካርዱ ከልጁ ሥዕል ይልቅ ያምር ይሆናል፤ ልጁ ግን የለበትም።

‹‹ድሃ አገር ውስጥ ስለ ስሜት ማውራት ቅንጦት ነው፤ ሰው የሚፈልገው ገንዘብ ነው›› የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚላክ ገንዘብ ሊቋረጥ አይገባም፤ ከስጦታ ጋርም መቀላቀል የለበትም። እርዳታ በወሩ፣ በልኩ ይሂድ። የበዓሉ ስጦታ ከዚያ ሲለይ ነው ትንሽ ለመሆን ነፃነት የሚያገኘው። ሁለቱን ስለደባለቅን ነው ትንሽ ስጦታ እንደ ንፉግነት፣ ትልቁም እንደ ግዴታ የሚታየው።

ለገና ስጦታ መስጠት ለኛ አዲስ ልማድ መሆኑ እንዲያውም ዕድል ነው። የቆየው ገናችን ልጆች በየሜዳው ዱላ ይዘው የሚሯሯጡበት ጨዋታ፣ ቅዳሴና ማዕድ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለው ጥቅል በቅርብ ዓመታት ከፕላስቲክ ዛፉ ጋር ነው የገባው። ገና ሥር ስላልሰደደ መልኩን ራሳችን ልንወስን እንችላለን። ለኢድ ሶደር ውስጥ ሜድቦርያርፕላትሰን አደባባይ አጠገብ ባለው፣ በ2000 በተከፈተው መስጊድ ለሚሰግዱ ሙስሊም ወገኖቻችንም ሐሳቡ ያው ነው፤ ለልጆች የሚሰጠው የኢድ ስጦታ ላይ ሁለት ስንኝ ቢታከል የሚከለክል የለም።

ይህን ለማስጀመር አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያሻም። የስዊድን ትምህርት ቤቶች ከ1977ቱ ማሻሻያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ይሰጣሉ። ቢያንስ አምስት ተማሪ ካለና ብቁ መምህር ከተገኘ የከተማው አስተዳደር ክፍሉን የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። አማርኛም ይሰጣል። የአማርኛ መምህራን ከታኅሣሥ በፊት ያለውን አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢሰጡት በቂ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ዘመድ የሚሰጠውን ነገር ይመርጣል፤ ከሚሮርና የተገዛ ሲኒም ቢሆን፣ ራሱ የሳለው አበባም ቢሆን። ስሙን ሳይጠራ አራት ስንኝ በፊደል ይጽፍለታል። መምህሩ ቤት መምታቱን ያስተካክላል፤ ፍንጩን ግን ለልጁ ይተውለታል። አያት ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ሆና ስንኙን በስልክ ተቀብላ ስትገምት ከተሳሳተች፣ በግጥም ትመልስ። ልጁ መልሷን ለመፍታት እናቱን አንድ ሁለት የአማርኛ ቃል መጠየቁ አይቀርም።