ከአዲሱ ማጉያ በፊት ሽቦው ይታሰብ

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ግቢ ብዙ ከሚወራባቸው ነገሮች አንዱ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ሊገዛ የታሰበው ትልቅ የድምፅ ማጉያ ነው። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ተማሪዎችም በየዕረፍቱ ዋት እየቆጠሩ ይከራከራሉ። እኔም የክበቡ አባል ነኝና አስተያየቴን ለመግለጥ እወዳለሁ። ማጉያ አይገዛ አልልም። ገንዘቡ አስቀድሞ ለሽቦና ለሽቦ ማያያዣ ይዋል እላለሁ። (ማጉያ ስል አምፕሊፋየሩን፣ ስፒከር ስል ድምፁ የሚወጣበትን ሣጥን ማለቴ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል።)

በ2017 ዓ.ም. ትምህርት ሲዘጋ የተደረገውን የወላጆች በዓል እናስታውስ። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢደረግም፣ በሁለቱም ቋንቋ አጥርተው የሰሙት ከፊት የተቀመጡት ብቻ ናቸው። ከጨፋ ሜዳ ቀበሌዎች ማልደው በእግራቸው የመጡ አባቶችና እናቶች ከኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ለእነርሱ የደረሳቸው የሚንጫጫ ድምፅና የተቆራረጠ ቃል ነው። አንዲት እናት የልጃቸው ስም ለሽልማት መጠራቱን ያወቁት ልጁ ሽልማቱን ይዞ ሲመጣላቸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ማጉያው ደካማ ነው» የሚለው ቃል በሁሉም አፍ ገባ።

እኛ የክበቡ ልጆች ግን ሜትር ይዘን ለካን። ማጉያው ከተቀመጠበት ክፍል እስከ ሜዳው ማዶ 40 ሜትር ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበትና መንገዱ 80 ሜትር ይሆናል። ሽቦው ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ንጹሕ መዳብ ነው ብንል እንኳ ሬዚስታንሱ ወደ 1.8 ኦም ይደርሳል። በጫፉ እያንዳንዳቸው 8 ኦም የሆኑ ሁለት ስፒከሮች በአንድነት ስለ ታሰሩ ሁለቱ ተደምረው የሚቆጠሩት 4 ኦም ነው። እንግዲህ ማጉያው ከሚልከው ኃይል አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ሽቦውን በማሞቅ ይቀራል ማለት ነው። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ በመንገድ የሚቀረው አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነበር። ይህ ሒሳብ ከመማሪያ መጽሐፋችን የወጣ ነው። ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ ያወጣው ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ራሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያውስ ዋቱን እጥፍ እናድርገው» ይሉኛል። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ በጆሮ እጥፍ ሆኖ አይሰማም። ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም መለየቱ እንኳ ጥሞና ይፈልጋል። ወፍራም ሽቦም ብቻውን ድምፁን ነጎድጓድ አያደርገውም፤ እውነቱ ይነገር። ነገር ግን ከአዲስ ማጉያ ዋጋ በጣም ባነሰ ገንዘብ፣ ዋትን በመጨመር ከምናገኘው ብዙም የማያንስ ጥቅም ይሰጣል። ማጉያውን ከስፒከሮቹ አጠገብ አድርጎ ሽቦውን ማሳጠር ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከውፍረቱ ይልቅ የባሰው ማያያዣው ነው። ገመዳችን በስድስት ቦታ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። መቀጠያው ሁሉ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። (በክረምት ልብስ ማስጫ ሆኖ ማገልገሉን ሳልጠቅስ ነው።) በከሚሴ ፀሐይ ፕላስተሩ ይላላል፤ መዳቡ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ይዝጋል። ነፋስ ገመዱን በነቀነቀው ቁጥር ድምፁ ይቆራረጣል፤ እናቶች የሰሙት ጫጫታም ይህ ነው። ከዚህም በቀር ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ጊዜ ቢነካኩ ማጉያው ሊቃጠል ይችላል። የእኛው ማጉያ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ለጥገና ኮምቦልቻ ተወስዷል። በዚህ ገመድ ላይ ትልቅ ማጉያ ቢታሰር የሚቃጠለው ዕቃ ዋጋው ይከብዳል እንጂ ሌላ ለውጥ አይመጣም።

አሁን ደግሞ ዝም ልለው የማልችለውን ነገር ልናገር። በገመዱ ጫፍ የተገጠመው የመብራት ስፒና ነው! በርካሽ የሚገኝና የሚጠብቅ ስለ ሆነ በብዙ ቦታ እንዲህ ይደረጋል። ነገሩን የማያውቅ ልጅ ይህን ስፒና ከግድግዳው ሶኬት ቢሰካው 220 ቮልት በገመዱ ይሄዳል፤ ስፒከሩ ይቃጠላል፤ በየመቀጠያው የተራቆተውን ሽቦ የነካ ሰውም ሊሞት ይችላል። ገመዱን የሚዘረጉትና የሚጠቀልሉት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ስፒኮን የሚባል ማያያዣ አለ። ገብቶ ሲዞር ይቆለፋል፤ ከመብራት ሶኬት ግን ከቶ አይገባም። እርሱ ባይገኝ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ይበቃል።

ሽቦ ለመግዛት ባቲ ወይም ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ምላጭ ይያዝ። በገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተለበጠ፣ ከውስጥ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። ሲፋቅ ነጭ ይሆናል፤ በእጅ ሲመዘንም ይቀላል። በእኩል ውፍረት ሬዚስታንሱ የመዳብን አንድ ተኩል ያህል ነው፤ በብሎን ሥርም እየላላ ይሄዳል። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ በየሱቁ ቢገኝም ባለ አንድ ዘንግ ከሆነ ለእኛ አይሆንም፤ በየጊዜው ሲጠቀለል ይሰበራል። የእኛ ገመድ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደ መሆን አለበት።

ወላጆቻችን ለቤታቸው ብለው ብዙ እንዳያወጡ ደግሞ ይህን ልጨምር። «ሆም ቴአትር» እየተባለ ለሚሸጠው ባለ 8 ኦም ስፒከር፣ ከማጉያው እስከ 5 ሜትር ለሚርቅ፣ 0.75 ሽቦ ይበቃል፤ በሽቦው የሚቀረው ከመቶ 3 ያህል ነው። በወርቅ የተለበጠ ውድ ማያያዣ የሚገዛ ሰው ጌጥ ገዛ እንጂ ድምፅ አልገዛም። ይልቅስ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መታሰሩን ይመልከት። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ይህን ለማቃናት ካቻቪቴ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር እንዲያደርግልን በትሕትና እንለምናለን። ስፒናው ዛሬውኑ ተቆርጦ ይጣል። 2.5 የሆነ የተገመደ የመዳብ ገመድ መቀጠያ ሳይኖረው ከነማያያዣው ይገዛ። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ አሮጌው ማጉያ ከስፒከሮቹ አጠገብ ተቀምጦ ይሞከር፤ ከኋላ ከዛፉ ሥር የሚያዳምጡትም ወላጆች ይሁኑ። እነርሱ አልሰማንም ካሉ ያን ጊዜ አዲሱ ይገዛ፤ ገመዱን እኛ እንዘረጋለን።