ከመልስ ወደ ማስረዳት፦ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤት ሥራ መረዳዳት

መግቢያ

የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራ ሲከብደው ቀድሞ ደብተሩን ይዞ ጎረቤት ይሄድ ነበር። ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ የወላጁን ስልክ ተውሶ የጥያቄውን ገጽ ፎቶ ያነሣና ለክፍል ጓደኞቹ በቴሌግራም ይልካል። ጥቂት ቆይቶ የሌላ ተማሪ ደብተር ፎቶ ይደርሰዋል። በማግስቱ መምህሩ በብዙ ደብተሮች ላይ አንድ ዓይነት መልስ፣ አንዳንዴም አንድ ዓይነት ስሕተት ያገኛል። ይህን ልማድ አንዱ ወገን ኩረጃ ብሎ ያወግዘዋል፤ ሌላው የዘመኑ ጥናት ብሎ ያወድሰዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱም ፍርዶች ጉዳዩን ስተውታል የሚል ነው። ችግሩ ያለው ስልኩ ወይም መረዳዳቱ ላይ ሳይሆን የቤት ሥራው አሰጣጥ ላይ ነው። መልስ ብቻ የሚጠይቅ የቤት ሥራ ተማሪዎች መልስ ብቻ እንዲቀባበሉ ይገፋፋል፤ ምክንያትን የሚጠይቅ የቤት ሥራ ግን እርስ በርስ እንዲያስረዱ ያስገድዳል። ስለዚህ ቡድኖቹን ከመዝጋት በፊት መምህሩ የሚሰጠውን ጥያቄና የሚያርምበትን መንገድ መመርመር ይገባል።

ሦስቱ ከተሞችና ልዩ ሁኔታቸው

ሰበታ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ቡራዩ ወደ አምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ ወደ ጎጃም በሚወስዱት መንገዶች ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ በማለዳ ለሥራ አዲስ አበባ ገብተው ሲመሽ የሚመለሱ፣ ወይም በየአካባቢው ፋብሪካዎችና ግንባታዎች የሚሠሩ ናቸው። ወላጅ ቤት ሲደርስ ደክሞት ነው፤ የ8ኛ ክፍል አልጀብራ ደግሞ እርሱ ራሱ ከተማረው በላይ ሊሆን ይችላል። አስጠኚ መቅጠር የሚችለው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ለብዙ ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለው ብቸኛ አስተማሪ የክፍል ጓደኛው ነው።

ሌላው ልዩ ሁኔታ ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መሠረት ጥሏል። በዚህም መሠረት በኦሮሚያ ክልል ሒሳብና ሳይንስ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይሰጣሉ። በእነዚህ ከተሞች በአማርኛ የሚማሩ ልጆችም አሉ። ወደ አዲስ አበባ ሲዘለቅ ደግሞ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ልጆች አንዱን ፅንሰ ሐሳብ በሦስት ቋንቋ ሊማሩት ይችላሉ ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ መረዳዳቱን አያግደውም፤ ጠባዩን ግን ይለውጠዋል። ቁጥር አስተርጓሚ አይሻም። «መልሱ 96 ነው» የሚለው መልእክት በየትኛውም ቋንቋ ለሚማር ልጅ ያለ ድካም ይደርሳል። ለምን 96 እንደ ሆነ ለማስረዳት ግን «ወርድ»፣ «ዙሪያ»፣ «ስፋት» የሚሉትን ቃላት በሌላው ልጅ የመማሪያ ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቋንቋ በተለያዩ ተማሪዎች መካከል መልሱ በቀላሉ ሲሻገር ምክንያቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

መረዳዳት አዲስ አይደለም

ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ለአገሪቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ የኔታ ብዙ ደቀ መዛሙርትን የሚያስተምሩት የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን እያስቀጸለ ስለሚያግዛቸው ነው። በዚያ ሥርዓት የሚያስቀጽለው ተማሪ የሌላውን ትምህርት አይሠራለትም፤ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የሚያሰማው ተማሪው ራሱ ነው። እርዳታው ሰፊ ቢሆንም ምዘናው የግል መሆኑ ሥርዓቱን ከመቀዳዳት ጠብቆታል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ወቅት በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ይጠቀሳል። በውጤት የተሻለው ተማሪ ሌሎቹን እንዲያግዝ የታሰበበት ይህ አሠራር በሐሳብ ደረጃ የሚነቀፍ አልነበረም። ድክመቱ ከላይ ወደ ታች መውረዱና በብዙ ቦታ ከመማር ይልቅ ሪፖርት ወደ መሙላት ማዘንበሉ ነው። ተማሪዎቹ ዛሬ በቴሌግራም የሚያቋቁሟቸው ቡድኖች በአንጻሩ ማንም ሳያዝዛቸው የተፈጠሩ ናቸው፤ በፈቃደኝነት ረገድ «አንድ ለአምስት» ያጣውን አግኝተዋል። ያጡት ደግሞ የመምህሩን ዓይን ነው።

ለዚህ ልማድ መስፋፋት የኮቪድ-19 ወረርሽኝም አስተዋጽኦ አለው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ከተወሰነ በኋላ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ለማስቀጠል ተሞክሯል። ወራት የፈጀው ያ መዘጋት ስልክን የትምህርት መሣሪያ አድርጎ የማየትን ልማድ በብዙ ቤት አስገብቷል። በኋላም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተሙ መጻሕፍት በበቂ ቁጥር ባለመድረሳቸው ተማሪዎች የመጽሐፉን ቅጂ በስልክ መቀባበል ግድ ሆኖባቸዋል። መጽሐፉን ያገኘበት ስልክ መልሱንም ቢያመጣለት የሚያስደንቅ አይደለም።

ሁለት ዓይነት እርዳታ

በእርዳታና በእርዳታ መካከል ያለውን ልዩነት የሥነ ትምህርት ምርምር ቀደም ብሎ ለይቶታል። ሻረን ኔልሰን ለጋል እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመችው ሥራ ልጆች እርዳታ የሚጠይቁት በሁለት ዓላማ መሆኑን አስረድታለች፤ አንዱ ሥራው በሌላ ሰው እንዲሠራለት፣ ሁለተኛው ራሱ ለመሥራት የሚያስችለውን ያህል ብቻ ለማግኘት ነው። ኖሪን ዌብ በበኩሏ በትናንሽ ቡድኖች ሒሳብ የሚማሩ ተማሪዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ1991 ስትገመግም፣ ዝርዝር ማብራሪያ መስጠት ከተሻለ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ፣ ማብራሪያ ፈልጎ መልስ ብቻ ማግኘት ግን ለተቀባዩ እንደማይበጅ አሳይታለች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከማስረዳት በቅድሚያ የሚጠቀመው የሚያስረዳው ነው። መልሱን በፎቶ የላከ ጎበዝ ተማሪ ጓደኛውን አለመጥቀሙ ብቻ ሳይሆን ራሱም የሚያገኘውን ጥቅም አጥቷል።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያጎላዋል። «የአንድ ባለ አራት ማዕዘን ጓሮ ርዝመት ከወርዱ በ4 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያው 40 ሜትር ቢሆን ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው?» የሚል የቤት ሥራ ይሰጥ። ብዙ ተማሪ ከ40 ላይ 4 ቀንሶ ለ4 ያካፍልና ወርዱን 9 ሜትር ይላል። ርዝመቱ 13 ይሆናል፤ ዙሪያው ግን 44 ሆኖ ይገኛል። ስሕተቱ ርዝመት በዙሪያው ላይ ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠር መርሳት ነው፤ መቀነስ የነበረበት 4 ሳይሆን 8 ነው። 32 ለ4 ሲካፈል ወርዱ 8፣ ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 96 ካሬ ሜትር ይሆናል። «96» የሚል መልእክት የደረሰው ተማሪ በማግስቱ ቁጥሩ ሲቀየርበት ያንኑ ስሕተት ይደግማል። «ርዝመቱ በሁለት ወገን ስላለ ትርፉን ሁለቴ ቀንስ» የሚል መልእክት የደረሰው ግን የማይጠፋ ነገር ይዟል። ሁለተኛው መልእክት ከመጀመሪያው የሚረዝመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ክልከላ ለምን አይበጅም

መከልከልን የሚደግፉ ወገኖች የሚያነሡት ሥጋት ከንቱ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. በተገለጸው ውጤት መሠረት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ስላሉት በቤት ሥራ መቀዳዳት ላይ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም በደብተር ላይ የሚታየው ትክክለኛ መልስና በተማሪው አእምሮ ውስጥ ያለው ዕውቀት ለዓመታት ተለያይተው ሊኖሩ እንደሚችሉ አስታውሷል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም የዚህ ልዩነት አንዱ መገለጫ ነው።

ነገር ግን ክልከላው የሚጎዳው ማንን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። አስጠኚ ያለው ልጅ ቡድኑ ቢዘጋ ምንም አይጎድልበትም። ወላጁ የተማረለትም እንዲሁ። የሚጎዳው የሚጠይቀው ሌላ ሰው የሌለው ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት ሲገደቡ ጉዳቱ እኩል አልተዳረሰም፤ ገደቡን በሌላ መተግበሪያ ማለፍ የቻለ አለፈ፣ ያልቻለ ቀረ። የትምህርት ቤት ክልከላም ከዚህ የተለየ ውጤት አይኖረውም፤ መረዳዳቱን ከመምህሩ ዓይን ይሰውረው እንደ ሆነ እንጂ አያስቀረውም።

በዚህ ላይ መልስ ማግኘት ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሒሳብ ጥያቄን በሰከንዶች የሚመልስበት ዘመን ላይ ተማሪዎችን እርስ በርስ እንዳይጠያየቁ መከልከል፣ ቢያንስ ሰው ያለበትን መንገድ ዘግቶ ሰው የሌለበትን መተው ነው።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ የጥያቄዎችን ቁጥር መቀነስና ለእያንዳንዱ «ለምን?» የሚል መጨመር ይቻላል። ሃያ ጥያቄ የተሰጠው ተማሪ ይቀዳል፤ ሦስት ጥያቄ ከነምክንያቱ የተሰጠው ግን ለመጠየቅ ጊዜ ይኖረዋል። የተሳሳተ አሠራር ሰጥቶ ስሕተቱ የት እንዳለ ማስፈለግም ይቻላል።

ሁለተኛ፣ እንደ አብነት ትምህርት ቤቱ እርዳታው ሰፊ፣ ምዘናው የግል ይሁን። መምህሩ በማግስቱ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎችን በዕጣ አስነሥቶ የራሳቸውን መልስ በቃል ቢያስረዱ፣ በየቡድኑ የሚላከው ነገር በራሱ ይለወጣል፤ ቁጥር ብቻ የላከ ጓደኛ ብዙ እንዳልጠቀመ ይታወቃልና። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ይህ ሁሉንም ደብተር ከማረም የቀለለ ነው።

ሦስተኛ፣ ተማሪው ማን እንደ ረዳው በደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ይፈቀድለት። እርዳታን መደበቅ ሲቀር ያስረዳውም ምስጋና ያገኛል።

አራተኛ፣ ከፎቶ ይልቅ የድምፅ መልእክት ይበረታታ። ማስረዳት በድምፅ ይቀላል፤ ልጆቹም ሁለት ቋንቋ እያቀላቀሉ እንዲግባቡ ያስችላል። በተለይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በሚገኝባት ሰበታ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የደብተር ፎቶ ማየት ለተሳነው ተማሪ ዝግ ነው፤ የድምፅ ማብራሪያ ግን ለእርሱም ለሌላውም ክፍት ነው።

አምስተኛ፣ የየትምህርት ቤቱ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን የዋና ዋና ቃላትን ትርጉም በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ አዘጋጅተው ቢያሠራጩ በቋንቋ ምክንያት መንገድ ላይ የሚቀረው ምክንያት መሻገሪያ ያገኛል።

እነዚህ ሐሳቦች ገደብ አላቸው። የዌብ ግምገማ ፊት ለፊት የተቀመጡ ተማሪዎችን የሚመለከት በመሆኑ በስልክ ለሚደረግ መረዳዳት እንዳለ ሊሠራ አይችልም፤ በስልክ የጓደኛን ፊት አይቶ አለመግባቱን ማወቅ አይቻልምና። ስልክ የሌለበት ቤትም አለ። ስልክ ባለበት ቤትም ቢሆን ስልኩን ማን እንደሚያገኝ፣ በተለይ ሴት ልጆች ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገኙት፣ ሊታሰብበት ይገባል። ስለዚህ በስልክ የሚደረገው መረዳዳት በክፍል ውስጥ የሚደረገውን ሊተካ አይገባም።

ለተመራማሪዎች የቀረ ሥራ

በኢትዮጵያ ስለ ኩረጃ የሚደረገው ክርክር በአመዛኙ ፈተና ላይ ያተኩራል፤ የቤት ሥራ ከትኩረት ውጭ ቆይቷል። ሦስቱ ከተሞች ግን ለምርምር የሚመቹ ሦስት ጥያቄዎችን ያቀርባሉ። ተማሪዎች ከሚለዋወጧቸው መልእክቶች ምን ያህሉ መልስ፣ ምን ያህሉ ማብራሪያ ነው? መምህሩ የጥያቄውን ዓይነት ሲለውጥ ይህ ምጣኔ ይለወጣል? በተለያየ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ሲረዳዱ ማብራሪያው በየትኛው ቋንቋ ይሰጣል? ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ በጥቂት ክፍሎች ሊፈተን የሚችል፣ ለአንድ የማስተርስ ጥናትም የሚበቃ ነው። የሚጠኑት ሕፃናት በመሆናቸው የወላጅ ፈቃድ ማግኘትና ስማቸውን መሰወር ግዴታ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በእንዲህ ያለ ጥናት ሊጸና ወይም ሊወድቅ ይችላል። የጥያቄው ዓይነት ተለውጦ የተማሪዎቹ መልእክት ካልተለወጠ፣ ጥፋቱን በቤት ሥራው አሰጣጥ ላይ ማድረግ ስሕተት ነበር ማለት ነው። ከተለወጠ ግን አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ያለችውን አንዲት አጋዥ፣ ጓደኛውን፣ ከእጁ የሚነጥቅ ደንብ ለማውጣት ምክንያት አይኖርም።