የፊት ነርቭን ከጉዳት ለመጠበቅ አንድ ሥዕል አይበቃም

የፊትና የአንገት ቀዶ ሕክምና ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች መካከል የፊት ነርቭ ጉዳት ከሰው ዓይን የማይሰወር ነው። ዕጢው በሙሉ ቢወጣለትም፣ ፈገግ ማለት ወይም ዓይኑን መክደን የተሳነው ታካሚ ሕክምናው ተሳክቶልኛል አይልም። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፤ ሊቆስልም ይችላል። በእኔ አመለካከት ይህን ጉዳት ለመቀነስ ቀዳሚው ተግባር የነርቩን አንድ ሥዕል ከማስጠናት አልፎ፣ ከሰው ሰው መለያየቱን ማስተማር ነው።

መጻሕፍት ነርቩ ከጆሮ በስተ ኋላ ካለው የአጥንት ጉብታ አጠገብ ወጥቶ፣ በጆሮ ሥር በሚገኘው የምራቅ ዕጢ ውስጥ በአምስት ቅርንጫፎች እንደሚከፈል ያሳያሉ። ነገር ግን ዴቪስና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. 350 የፊት ግማሾችን መርምረው አከፋፈሉን በ6 ዓይነት መድበውታል። ዲንግማንና ግራብም በ1962 እ.ኤ.አ. 100 የፊት ግማሾችን መርምረዋል። ወደ ታችኛው ከንፈር የሚሄደው ቅርንጫፍ፣ ከፊት ደም ቅዳ በስተ ኋላ ባለው ክፍል፣ በ81 በመቶው ከመንጋጋ የታችኛው ጠርዝ በላይ ሲያልፍ፣ በ19 በመቶው ግን እስከ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በመንጋጋ ሥር ቆዳው ከጠርዙ 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀደድ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። በሕፃናት ደግሞ ያ የአጥንት ጉብታ ገና ስላልዳበረ ነርቩ ለቆዳ ይቀርባል፤ የአዋቂው ሥዕል እዚህ ያሳስታል።

የነርቭ መከታተያ መሣሪያ ይህን ስጋት ያስቀራል የሚል ክርክር ይነሣል። ጠቃሚነቱ አያጠያይቅም፤ ሆኖም በየሆስፒታሉ አይገኝም። በሚገኝበትም ቢሆን፣ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ገና እየሠራ ከሆነ የመሣሪያው ዝምታ ነርቩ በዚያ ስፍራ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ቀዶ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው አስቀድመው ካልተመካከሩ መሣሪያው ሐሰተኛ መተማመኛ ይሆናል።

ለጥናት የሚውል አስከሬን እንደ ልብ በማይገኝበት ሁኔታ እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ትምህርት ቤት መሆን አለበት። ስለዚህ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ሁሉ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ገጽ ቅጽ እንዲሞላ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የፊት እንቅስቃሴ በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው ባለ 6 ደረጃው የሐውስና ብራክማን ሚዛን ይመዝገብ። ሚዛኑ መላውን ፊት በአንድነት ስለሚመለከት የግንባር፣ የዓይን፣ የጉንጭና የከንፈር እንቅስቃሴ ለየብቻው ይጻፍ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የታዩት ቅርንጫፎችም በእጅ ይሣሉ።

አስቀድሞ ያልተመዘገበ ድክመት ኋላ ላይ በሐኪሙ ስህተትነት ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰና ያልተመዘገበ ጉዳት ደግሞ ለማንም ትምህርት ሳይሆን ይቀራል። መሣሪያ ለመግዛት በጀት መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ለዚህ ግን ወረቀት፣ እርሳስና የትምህርት ክፍሎች ውሳኔ ይበቃሉ።