ልጆቻችን ማንን ይፍሩ?

በአሜሪካና በሌሎችም አንዳንድ የምዕራብ አገሮች በያመቱ ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን ማለት ነው፣ «ሃሎዊን» የሚባል በዓል ይውላል። በዚያች ምሽት ልጆች የአፅም፣ የጠንቋይና የጭራቅ ልብስ ለብሰውና ጭምብል አጥልቀው በየጎረቤቱ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። የእኛ ልጆች ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ለመቀበል እንደሚዞሩት መሆኑ ነው፤ የእነርሱ በማስፈራራት የእኛ በማሞገስ መሆኑ ይለያያል እንጂ።

በዓሉ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ቤተሰብና ጓደኛ ተሰብስቦ የቆዩ የሚያስፈሩ ፊልሞችን የማየትና የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ የመከራከር ልማድ አለ። ይህ መርካቶን ምን አገባት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆቻቸው ጭምብል አጥልቀው የተነሡትን ፎቶግራፍ በስልክ ይልካሉ። የእኛ ልጆችም ያያሉ፤ ፊልሙንም በዚያው ስልክ ያገኙታል። ሸማ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ስትሸጥ የዋለች እናት ልጇ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ምን ሲያይ እንደዋለ አታውቅም። ሌሊት ግን «እማዬ፣ መብራቱን አታጥፊው» ሲላት ትሰማለች።

ፊልምና ፍርሃት በከተማችን የቆየ ትውውቅ አላቸው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለአዲስ አበባ አዲስ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። መርካቶም በኋላ የራሷን ሲኒማ ራስ አገኘች። ከዚያም በየጉራንጉሩ አግዳሚ የተደረደረባቸው ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። እነዚያ ቪዲዮ ቤቶች ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያስቀሩ ስለነበር እናቶች ቢያማርሩባቸው አይፈረድባቸውም። ሆኖም የሚያስፈራ ፊልም ሲታይ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይስቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ውሸት ነው እኮ!» ይል ነበር። ፍርሃቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። በስልክ የሚያየው ልጅ ግን ሁሉንም የሚሸከመው ብቻውን ነው።

እንግዲህ መከልከሉ ብዙም የማያዋጣ ከሆነ መምረጡ የእናት ፈንታ ይሆናል። አንድን ፊልም ከሌላው ስናወዳድር፣ ምን ያህል ያስፈራል ከማለት አልፈን፣ ልጄን ማንን እንዲፈራ ያስተምረዋል ብለን ብንጠይቅ ይበጃል።

ከቆዩት እንጀምር። «ኖስፌራቱ» እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን የተሠራ ነው። «ድራኩላ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ ተሠርቶ ቤላ ሉጎሲ የተወነበት ነው። ሁለቱም የተነሡት ከብራም ስቶከር ልብ ወለድ ነው። የመጀመሪያው ያለ ፈቃድ በመሠራቱ የደራሲው ሚስት ከሳ ቅጂው ሁሉ እንዲጠፋ ተፈርዶበት ነበር፤ ደግነቱ አንዳንድ ቅጂዎች ተርፈዋል። ደም መጣጩ መኰንን በእኛ ተረት ስለሌለ ልጆቻችን የሉጎሲን ካባና ያማረ ልብስ አይተው መሳቃቸው አይቀርም። የኖስፌራቱ ረጅም ጥፍርና ደረጃ የሚወጣው ጥላው ግን ቋንቋ አያስፈልገውም። ለእኔ ከሁለቱ ኖስፌራቱ ይበልጥብኛል።

ከሁሉም በላይ እናቶች ሊያዩት የሚገባው «ፍራንከንስታይን» ይመስለኛል። ታሪኩን የጻፈችው ሜሪ ሼሊ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። መጻፍ ስትጀምር ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበር፤ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሕፃን ልጇም ሞታባታለች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም ስሟ አልወጣበትም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1931 በጄምስ ዌል ተዘጋጀ። ከሬሳ ተሰፍቶ የተሠራውን ፍጡር የተወነው ቦሪስ ካርሎፍ ሲሆን፣ በመክፈቻው የስም ዝርዝር ላይ በስሙ ምትክ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር የተጻፈው። ፍጡሩ ሲታይ ያስፈራል። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው፣ በችቦ እያስፈራራ የሚያሠቃየው የሐኪሙ ረዳት ነው። በሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትፈራው አበባ ትሰጠዋለች። አበባውን ውኃ ላይ እየጣሉ ሲያንሳፍፉ ይጫወታሉ፤ አበባው ሲያልቅ እርሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ልጅቱ ሰጥማ ትሞታለች። በመጨረሻም የመንደሩ ሰው ሁሉ ችቦ ይዞ አሳድዶ ወፍጮ ቤት ውስጥ እሳት ይለቅበታል። ይህን ያየ ልጅ «እማዬ፣ ክፉው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ጥያቄውን ወደ ራሳችን ቤት እናምጣው። «የተኩላው ሰው» የተባለው የ1941 ፊልም በተኩላ ተነክሶ ወደ ተኩላነት ስለሚለወጥ ሰው ይናገራል። እኛም ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ሲወራ ሰምተን ነው ያደግነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የፊልሙ ተኩላ መብራት ሲበራ ያበቃል፤ ሰውየውም ጎረቤታችን አይደለም። በቡዳነት ሲታሙ የኖሩት ግን ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች፣ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። የምንጋግርበት ምጣድ፣ ቡናችንን የምናፈላበት ጀበና፣ ሽንኩርት የምንከትፍበት ቢላዋ፣ የምንለብሰው ነጠላ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው፤ መርካቶም እየገዛች ስትሸጥ የኖረችው ይህንኑ ነው። ልጅን «ከእነ እገሌ ቤት እንዳትበላ» ብላ ያስጠነቀቀች አያት ከማንኛውም ፊልም የከፋ ፍርሃት ተክላለች። ለዚህም ነው የፍራንከንስታይንን ችቦ ያዦች ከልጆች ጋር ማየት ይገባል የምለው።

ሌሎች ፊልሞች ደግሞ በተቃራኒው ይሠራሉ። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው «ሳይኮ» በጥበቡ የሚደነቅ ነው። በመታጠቢያ ቤቱ ትርዒት ላይ የሚፈሰው ደም የቸኮላታ ሽሮፕ እንደነበር ለልጅ ቢነገር ደስ ይለዋል። «ሃሎዊን» የተባለው የ1978 የጆን ካርፔንተር ፊልም ደግሞ የጎረቤት ልጆችን ስለምትጠብቅ ተማሪ ነው። ልጅ ለታላቅ እኅት ወይም ለጎረቤት ትተው የሚወጡ እናቶች ነገሩ ይገባቸዋል። የገዳዩ ጭምብል እንኳ ከሱቅ በርካሽ ተገዝቶ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። በሁለቱም ፊልሞች ግን የሚያስፈራው የአእምሮ በሽተኛ ነው፤ በሁለተኛውም ገዳዩ ያመለጠው ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ በአዲስ ከተማ ነው። ልጆቻችን ታክመው የሚመለሱ ሰዎችን በየቀኑ በመንገድ ያገኛሉ፤ ድንጋይ የሚወረውሩም አይጠፉም። ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች ለትልልቆቹ ብቻ ማስቀረት፣ እነርሱም ሲያዩ ታማሚ ሰው ገዳይ ማለት እንዳልሆነ መንገር ያስፈልጋል።

«ዘ ኤግዞርሲስት» ለልጅ የሚሆን ፊልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲወጣ አዋቂዎችን እንኳ አስደንግጧል። እናቶች ግን ልጆች ተኝተው ቢያዩት አልቃወምም፤ ባለታሪኳ ሥራና ልጅ ማሳደግን ብቻዋን የያዘች እናት ናትና። የ12 ዓመት ልጇን ከሐኪም ሐኪም ስታመላልስ ቆይታ መፍትሔ ስታጣ ወደ ካህናት ትሄዳለች። የልጅቱ አስፈሪ ድምፅ የአንዲት ጎልማሳ ተዋናይት ነው። ትንፋሻቸው በጭስ መልክ እንዲታይም ክፍሉ እንደ ማቀዝቀዣ እንዲበርድ ተደርጓል። በእኛ አገር ወድቆ የሚንፈራገጥ ልጅ «ሰይጣን ያዘው» መባሉ ገና አልቀረም። የሚጥል በሽታ በመድኃኒት የሚታገዝ ሕመም ነው። ጠበል መውሰድ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በገዛ እጅ ማቋረጥ ግን አደጋ አለው። ፊልሙ ለዚህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፣ መርካቶ ሱቅ የሚዘጋበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመቻል፤ ከመኝታ በፊት አይሁን። ስልኩን አስቀምጣችሁ በቴሌቪዥን እዩት፤ የጎረቤት ልጆችም ይጠሩ። የውጭ ቋንቋ ለማታውቅ እናት ልጇ እየተረጎመላት ይይ፤ ለማስተርጎም የተጠመደ ልጅ ለፍርሃት ብዙ ጊዜ የለውም። ፍራንከንስታይን የሚፈጀው 70 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አቦሉ ሲቀዳ ቢጀመር በረካው ላይ ያልቃል።