ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፈጠራ አያስተምርም!

በዚህ ጽሑፍ የሚያኮርፉብኝ የሥራ ባልደረቦች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጻፈው።

ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው ሲባል ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል። ማርከር ይገዛል፣ ፍሊፕ ቻርት ይገዛል፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተቀዶ የልብና የኩላሊት ሥዕል ይሣልበታል። እጅ ጽሑፏ የሚያምር ተማሪ ከክፍል ተጠርታ ስትስል ትውላለች፤ የዚያን ቀን ትምህርት ያመልጣታል። ቡድኑ ይመጣል፣ ይቆጥራል፣ ቅጹ ላይ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» በሚለው ፊት «አለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ሥዕሉ ግን ዓመቱን ሙሉ አቧራ ይጠጣል። እንግዲህ «የፈጠራ ማስተማር» የምንለው ይሄንን ነው።

እኔ ይሄ ፈጠራ አይደለም ባይ ነኝ። ለእንግዳ ቤት ማስጌጥ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም መምህሩ ላይ አልከምርም። ግን እነዚህ ልጆች የተማሩባቸው ክፍሎች ግድግዳ ባዶ አልነበረም እኮ! ከረጢቱም፣ ቻርቱም፣ የአንድ ለአምስት ስም ዝርዝሩም ተለጥፎ ነበር።

የኔ ዘመን ልጆች ደግሞ ሌላውንም ፈጠራ አይተነዋል። ፕላዝማ በ1997 ዓ.ም ሃይስኩል ሲገባ ተማሪ ነበርን። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ማን ምን እንደሠራ ሳያይ «በጣም ጥሩ!» ይለናል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። የክፍሉ መምህር ጥግ ቆሞ መግቢያና ማጠቃለያ ሰዓቱን ይጠብቃል። ብዙ ብር የወጣበት ነገር ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ የተማሪውን ፊት የሚያይ ሰው።

አሁን የራሴን ልናገር። ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ባለፈው ዓመት 9ኛ ክፍል ሙቀትን ሳስተምር «ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» አልኩ። «መቶ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ። «ማን አይቷል?» ስል ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁም ነበር። ስንት ዓመት «100» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም።

ሞዴል 20 ሞልቼ፣ ንብረት ክፍሉን ለምኜ፣ አንድ ቴርሞሜትር አወጣሁ። ከመምህራን ክበብ የሻይ ማፍያውንና ምድጃውን ተዋስኩ። ውኃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ 96 አካባቢ ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል!» አሉኝ። ጠበቅን፣ አይነቃነቅም። ታዲያ ከኋላ አንድ ሲቀላ ቤት ተከራይቶ የሚማር የጨንቻ ልጅ «እኛ ጋ ባቄላ ለመቀቀል ከዚህ የበለጠ ይቆያል። እናቴ እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ነው ትላለች» አለ።

ትምህርቱ እዚያ ላይ ጀመረ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር አካባቢ ናት። ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተህ ከ2,700 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ታገኛታለህ። ሙዝ ትተህ ወጥተህ እንሰትና ገብስ ውስጥ ትገባለህ። ከፍ ባልክ ቁጥር ከላይ የሚጫንህ አየር ይቀንሳል፤ ጫናው ሲቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን ባነሰ ሙቀት። ባቄላው የሚዘገየው እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ሳይሆን የፈላው ውኃ ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ነው።

ልጁ «እኔ ቤት ወስጄ ልለካ?» አለኝ። ቢሰበር ከደሞዜ እንደሚቆረጥ እያወቅኩ በፊርማዬ ሰጠሁት። ዓርብ ሄዶ ሰኞ ተመለሰ፤ ቴርሞሜትሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ደብተሩ ላይ «91» ብሎ ጽፎ። ከዚያ በላይ ደስ ያለኝ፣ ለእናቱ የነገራቸው ነገር ነው፦ ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨምሩበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ እሳቱን ቀንሶ መክደን ይበቃል። ቤታቸው የሚነደው እንጨት በጀርባ ተሸክመው የሚያመጡት ነው። ይሄ ለኔ ትምህርት ነው።

ምን ተባልኩ መሰላችሁ? የሥራ አፈጻጸሜ ላይ «ከዓመታዊ ዕቅዱ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የመርጃ መሣሪያ አልተጠቀመም» ተብሎ ተጻፈ። ምድጃው ወደ ክበብ ተመልሷላ! ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም!

«ዲፕሎማ ይዞ ሃይስኩል የሚያስተምር ሰው ስለ ማስተማር ዘዴ ምን አገባው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ወደፊት መማር አለብኝ፤ አልከራከርም። ግን ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የጎደለው ዲግሪ ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ነበር።

«ፈጠራ ለግል ትምህርት ቤት ነው፤ እኛ ምን አለን?» የምትሉም አላችሁ። ምን የለን! የዶርዜ ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእግሩ አንዱን ሲረግጥ ሌላው ከላይ ይነሣል። ማንሻና ፑሊ ለማስተማር ከዚያ የተሻለ ቤተ ሙከራ ከየት ይምጣ? አባያ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ጠራ ያለ ነው። ከሁለቱም በጠርሙስ ቀድታችሁ መስኮት ላይ አሳድሩትና ከሥር የሚዘቅጠውን አሳዩ። የኬሚስትሪ መምህሩ ስለ ድብልቅ፣ የጂኦግራፊው ስለ አፈር መሸርሸር ይናገርበት። የባዮሎጂ መምህራን ዲኤንኤን ከመጽሐፍ ስታነቡ፣ እዚሁ ጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘውን የ4,500 ዓመት ሰው ለተማሪ ነግራችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2015 ዲኤንኤው ታትሞ ዓለም አነበበው። ስሙን «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። የኛ ልጅ ስለ ውጭ አገር አተር ይሸመድዳል፣ ስለ ባይራ አልሰማም።

ሐቁን ግን አልደብቅም፤ ከሽፎብኝም ያውቃል። አንድ ጊዜ 70 ተማሪ በ14 ቡድን ከፍዬ በማስመሪያና በጠጠር ሚዛን ሥሩ አልኳቸው። ክፍሉ የቅዳሜ ገበያ ሆነ። ጠጠሩ ተወረወረ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ አንድም ነገር አልተማሩም። ከዚያ ወዲህ ለ70 ተማሪ 14 ቡድን አልሠራም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያ እጅ አውጥተው እንቆጥራለን፣ በመጨረሻ እንለካለን። ማርከር አይፈልግም። ፍሊፕ ቻርት አይፈልግም። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ወገን፣ ደሞዝ በጊዜው ሳይገባ፣ መጽሐፍ ሳይዳረስ «ፍጠር» መባል እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ያናድደኛል እኔንም። ደሞዛችንን መጠየቅ መብታችን ነው፣ እንጠይቅ። ግን ሰሌዳ ሞልቶ ኖት አስገልብጦ መውጣትን ለደሞዙ ማስፈራሪያ አናድርገው። ቅጣቱ የሚያርፈው ቢሮ ላይ አይደለም፤ ስንቁን በጀርባው አዝሎ ከጨንቻ ወርዶ ቤት የተከራየው ልጅ ላይ ነው።

ለሚመለከታቸው ደግሞ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ስትገመግሙን ግድግዳውን ትታችሁ ከኋላ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጡ፤ ተማሪው ስንት ጥያቄ ጠየቀ የሚለውን ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ከአሥር ክፍለ ጊዜ አንዱን ለመምህሩ ተዉለት፤ ዕቅድ ወደ ኋላ ቀረ አትበሉት። ሦስተኛ፣ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ፍቱልን። ሳይሰበር ሃያ ዓመት መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ቴርሞሜትር፣ ጨንቻ ደርሶ የሚሰበር ይሻላል።

መምህራን፣ እናንተም ፖስተር ሳትለጥፉ ያስተማራችሁትን አንድ ክፍለ ጊዜ ከዚህ ሥር ጻፉልኝ። የከሸፈውንም ጨምሩበት። እኔ በዚህ ሳምንት ልሰርቃችሁ ዝግጁ ነኝ።