ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ለፓርኪንሰን ሐኪሙ ምን ይንገር?

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳንቲም ቆጥበው የኖሩ አባት በ60 ዓመታቸው ቁማር ቢጀምሩ ቢቸና ላይ ምን ይባላል? «መተት ነው»፣ «ሰይጣን አሳታቸው»። ሞጣም ላይ ወሬው ያው ነው። ሰውየው የፓርኪንሰን መድኃኒት እንደሚወስዱ የሚያስታውስ ግን አይገኝም።

ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሕዋሳት ሲሞቱ የሚመጣ ሕመም ነው። ዶፓሚን እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን ፍላጎትንም ያዛል። ስለዚህ መድኃኒቱ እጅና እግርን ሲያፍታታ፣ አንዳንዱን ሰው ልጓም ያስጥለዋል፦ ቁማር፣ ያለልክ መግዛት፣ ያለልክ መብላት፣ የወሲብ ፍላጎት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በአሜሪካና በካናዳ ከ3,000 በላይ ታማሚዎችን ያየ ጥናት ይህን ችግር ፕራሚፔክሶልንና ሮፒኒሮልን የመሰሉ መድኃኒቶች ከሚወስዱት 17 በመቶው ላይ፣ ከማይወስዱት ደግሞ 7 በመቶ ገደማው ላይ አግኝቷል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ሌቮዶፓ ስጋቱ ዝቅ ቢልም፣ መጠኑ ሲጨምር እሱም ነጻ አይደለም።

ታዲያ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተወው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ለችግሩ ተጋላጭ በመሆን ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከግማሽ በላዩ በዘር የሚወረስ እንደሆነ ገምቷል። የተጠኑት ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በ2023 ናይጄሪያውያንን ያካተተ ጥናት በአውሮፓውያን ላይ ያልታየ የፓርኪንሰን የዘር ምክንያት ማግኘቱ፣ የነሱ ውጤት ለእኛ በቀጥታ እንደማይገለበጥ ያሳያል።

የጂን ምርመራ ሞጣ እስኪደርስ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የ2010ሩ ጥናት ራሱ በቤተሰባቸው የቁማር ችግር ያለባቸው ታማሚዎች ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር የጎጃም ሰው ይህን ለመመለስ ላቦራቶሪ አያሻውም። የጎደለው የሚጠይቅ ሐኪም ነው።

እርግጥ አደጋ አለው። «ዘሩ ነው» የሚል ቃል ከሐኪም ክፍል ከወጣ የልጆችን ትዳር ያበላሻል። ስለዚህ ጥያቄው በምስጢር ይሁን። ዘር ተጋላጭነትን እንጂ ፍርድን አይናገርም፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቀየር ይሻላል።

ቤተሰብም የጸባይ ለውጥ ሲያይ ከመስደቡ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቋርጥ፣ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋልና። መድኃኒት የሚያዝ ሐኪምም የመጀመሪያውን ቀን ለሚስት ወይም ለልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር፦ «ያልነበረ ጸባይ ካያችሁ ሳታፍሩ ንገሩኝ»። ይህች ቃል ከታማሚው ሌላ የአንድን ቤት እርሻና ከብት ልታተርፍ ትችላለች።