የአሪቻን ወፎች የአሪቻ ሰው ይመዝግባቸው

ጠፍቶ ከርሞ ብቅ ያለ ወዳጅ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» ይባላል። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል በመስከረም ቀይና ጥቁር ለብሶ ከሣር አናት ላይ የሚታየው ወንድ፣ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ያንን ላባ ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ ከድንቢጥ ሳይለይ ይከርማል። ይህን የሚያረጋግጠው በመስከረም ብቻ ሳይሆን በጥርም በግንቦትም እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ ያየውን የሚጽፍ ሰው ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያላት ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ያስፈልጓታል።

ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች ስርጭት አትላስ የአሥርተ ዓመታት ማስታወሻ የተጠራቀመበት፣ ክብር የሚገባው መጽሐፍ ነው። ይሁንና አገሩን የከፋፈለው በግማሽ ዲግሪ ስለሆነ አንዱ አራት ማዕዘን በየጎኑ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በጌዴኦ ያሉት ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ አሪቻና ቡሌ ሁሉም በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ይወድቃሉ። ከአባያ ሐይቅ ወገን ካለው ቆላ ጀምሮ 3,000 ሜትር እስከሚጠጋው የቡሌ ደጋ የሚኖረው ወፍ ሁሉ በአንዲት ነጥብ ይወከላል። 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የአሪቻ ቡና ውስጥ የትኛው ወፍ እንደሚኖር ከዚያች ነጥብ ማወቅ አይቻልም።

ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ችግር የተወጡት በብዙ ሰው ተሳትፎ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠሩት ሁለተኛ የወፍ አትላስ አገሪቱ በየጎናቸው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል በሆኑ ትናንሽ ክልሎች ተሸንሽናለች። ፈቃደኛ መዝጋቢው በመረጠው ክልል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይዞራል፤ ያየውንና ድምፁን የሰማውን ዝርያ ሁሉ፣ ብርቅ ሆነ ተራ፣ እንደ አመጣጡ ይጽፋል። ሌላ ቀን ይመለሳል፤ ሌላውም ሰው እዚያው ይሄዳል። መምህሩ፣ ገበሬው፣ ጡረተኛው ቅዳሜና እሑዳቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። እባብን በእግሩ ረግጦ የሚገድለው ባለ ረጅም እግር አዳኝ ወፍ ቀድሞ ይታይባቸው ከነበሩ ብዙ ቦታዎች እየጠፋ መሆኑ የታወቀው የሁለቱ አትላሶች መዝገብ ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ኬንያና ናይጄሪያም ዘዴውን ወስደው እየሠሩበት ነው።

ተራውን ወፍ መጻፍ የሚያስፈልግበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች በየቄራው ዙሪያ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። ሁልጊዜ አለ ብሎ ማንም ያልቆጠረው ወፍ መቀነሱ የሚታወቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ወፍ ለማየት ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በዲላ በኩል ያልፋል እንጂ አይቆይም። አንዱ የሩስፖሊን ቱራኮ ፍለጋ ወደ ነገሌ፣ ሌላው በያቤሎ ዙሪያ ብቻ የሚገኘውን ቁራ መሰል ወፍ ፍለጋ ወደ ቦረና ይጣደፋል። አይወቀስም፤ ጊዜውም ገንዘቡም የተቆጠረ ነው። የጌዴኦን ወፍ ከወር ወር ለመከታተል የሚያመቸው እዚያው ለሚኖረው ነው።

የሚመዘገበው ነገር ደግሞ ትልቅ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እንሰቱ፣ ቡናውና አገር በቀሉ ዛፍ በአንድ ማሳ ተደጋግፈው ስለሚኖሩ፣ የሶንጎ (የባህላዊው ሸንጎ) አባቶች የሚጠብቋቸው ቅዱስ ደኖችም ስላሉ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጥላ ቡናና በአጎራባች ደን ላይ የታተመ ጥናት፣ በደኑ ከተገኙት ዝርያዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም በቡናው ውስጥም መኖራቸውን አሳይቷል፤ ደኑን አጥብቀው የሚሹት ግን በደኑ ይበዙ ነበር። የአሪቻ ቡና ከእነዚህ ለየትኞቹ ቤት ይሆን? በወንዶ ገነት የሚታወቀው፣ በምንቃሩ ላይ ቀንድ መሰል ቆብ የተሸከመው ግዙፍ ወፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሴቷ በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትዘጋለች፤ ወንዱ በቀረችው ስንጥቅ ይመግባታል። ያረጀ ትልቅ ዛፍ ከሌለ ጎጆ የለም። ዋንዛውና ሾላው ወድቀው ባሕር ዛፍና ጫት ሲተኩባቸው የወፍ መዝገቡ ለውጡን ቀድሞ ያሳያል።

ጀማሪ ይሳሳታል የሚል ስጋት ይነሣል፤ እውነትም ነው። ስለዚህ ያልተረጋገጠው አይጻፍም፤ ያጠራጠረው ፎቶ ይነሣል፤ ልምድ ያለው ያየዋል። ዓለም የሚጠቀምበት ኢበርድ የተባለው መዝገብም አጠያያቂ ዝርዝሮችን የሚመረምሩ ፈቃደኞች አሉት። ባይኖኩላር ውድ ነው፤ ግን አንዱን አሥር ተማሪ ሊፈራረቅበት ይችላል። ለቀበሌው አስቀድሞ መንገር፣ ማሳ ከመግባት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው። ሽማግሌዎች ለየወፉ የሚያውቁት የጌዴኦፋ ስምም ከዝርዝሩ ጎን መጻፍ አለበት።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ያለ ተቋም ነው፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልምድ አካብቷል። ሁለቱ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ጋር ቢስማሙ ሥራው በጥቅምት መጨረሻ ሊጀመር ይችላል። ያኔ ቡና ለቀማው ስለሚደርስ ሰው ሁሉ ማሳ ውስጥ ነው፤ ከአውሮፓ ክረምት የሸሹት ወፎችም ገብተዋል። በሐምሌ ያንኑ መንገድ ደግሞ መሄድ ነው፤ የቱ እንግዳ፣ የቱ ነዋሪ እንደሆነ መለየት የሚጀመረው ሁለቱ ዝርዝሮች ሲተያዩ ነው።